ዝንብ አሳሪዋ

ሳልሚያ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ባሕር፤
ባሕሩ እንደ ቆየ ሻይ ለብ ያለ፣ የሐምሌ ሐሩር።
ባባ ጃሲም መሳቢያ ስበው "ነይ" አሉኝ፣ "ተቀመጪ፣
ወለሉ የትም አይሄድም፤ ይልቅ ከዚህ ክር ምረጪ።"
(ዓረብኛው አንቱ አያውቅም፤ እኔ ግን በሆዴ
አንቱ እላቸዋለሁ፤ አይለቅም ልማዴ።)

ክር፣ የዶሮ ላባ፣ ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ መንጠቆ፣
ጠረጴዛ የሚነክስ ትንሽ መቆንጠጫ፣ ዝገቱ ደርቆ።
በጉርምስናቸው ለነዳጅ ትምህርት ስኮትላንድ ልከዋቸው
ወንዝ ተምረው መጡ፤ ወንዝ ወደሌለው አገራቸው።
ዛሬ ግን እጃቸው ይርዳል፤ ክሩ ያመልጣቸዋል፤
ጣት የሚያበድር ሰው ከሩቅ መጥቶላቸዋል።

"ዝንብ ታስሪያለሽ" ሲሉኝ
ሳቄ መጣ።
እኔ የማውቀው ዝንብ ሲባረር ነው፣ በጨርቅ፣ በቅጠል፣ በቁጣ፤
ማነው ቁጭ ብሎ የሚያስር፣ ክንፍ የሚያወጣ?
ደግሞስ ከቤት ስወጣ የተሰጠኝ ስንቅ አንድ ተረት ነው፤
ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ሁለት ዓመት ዘጋሁት፣ ይኸው።

አንድ ቀን ፎቶ አሳዩኝ፦ ወጣት ጃሲም፣ እስከ ጉልበት ውሃ የገቡ፣
መዳፋቸው ላይ ዓሣ፣ ጎኑን የሞላው ነጠብጣቡ።
"ይህንንማ አውቀዋለሁ!" አልኩ፤ ተረቱ ከአፌ ወደቀ።
"ዌብ ወንዝ አለ፣ ዲንሾ፣ ባሌ።" ፊታቸው ሳቀ፤
"ትራውት? አፍሪካ?"
"አዎ፤ እንቁላሉን ፈረንጅ ነው ከኬንያ ያመጣው ሲሉ ሰምቻለሁ።
እንደኔው እንግዳ ነው፤ ብቻ ውል አላስፈረሙትም፣
ፓስፖርቱንም አልቀሙት፤
ውሃው ሲቀዘቅዝለት ጊዜ ቀረ።"
ዝም አሉ፣ ፓስፖርት ስል።

ማታ ጣሪያ ላይ ወጣን፣ በውሃ ታንከሮች መሃል፤
ሌሊቱም አርባ ዲግሪ ነው፣ ሰማዩ አቧራ ለብሷል።
ሰው እንዳይወጋ የመንጠቆውን ጫፍ በጉጠት ቆርጠን፣
ዘንጉን ያዝኩና እንደ ቡሄ ጅራፍ አስጮህኩት፤ ደነገጥን።
"አይጩህ! የሚጮህ ገመድ ዓሣ ያባርራል።
አንጓሽን ብቻ፤ ከአሥር ሰዓት እስከ አንድ፤ ይበቃል።"
በኔ ሰዓት ከአራት እስከ ሰባት ነው አልኳቸው።
"የፈለግሽውን በይው፣ ብቻ አትቸኩይ።" ክርኔን የያዘው መዳፋቸው
ከኔ ጋር ወደ ኋላ ሄደ፣ ቆመ፣ ወደ ፊት መጣ፤
ያን ጊዜ ብቻ ነበር እጃቸው መንቀጥቀጥ ያጣ።

ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠብ ውሃ
ኩሬ ሠርቷል፣ ሰሃን የማያህል።
ዝንቧ እዚያ ላይ አረፈች።
"ጠብቂ" አሉ በሹክሹክታ።
ጠበቅን።

ጥቅምት ላይ ምንትዋብ፣ የጎባ ልጅ፣ አገር ስትገባ
ሦስት ዝንብ በክብሪት ቀፎ ሰጠኋት፤ ክንፋቸው የዶሮ ላባ፣
ወገባቸው ከመኪና ማቆሚያው ድመት፣ ጭራቸው ከራሴ ፀጉር።
ከድር ወንድሜ እስከ መጋቢት ዝም አለ። አንድ ሌሊት ስልኬ ሲነዝር
ድምፁ ነው፦ "በሁለተኛዋ ያዝን! ክንድ ያህላል!"
"ግማሹን ይቀንሱለት" ብዬ ተረጎምኩ፣ "ማጋነን ይወዳል።"
ባባ ጃሲም ጣታቸውን አነሱ። "ተይው ሰውየውን፤
እስኪ አሰሚኝ፣ ከጀርባው የሚፈሰውን።"
አምስት ጊዜ ሰማን።

በአገሬ ወገን "የወንዜ ልጅ" ይባላል ልላቸው ፈለግኩ፤
ወንዝ በዓረብኛ አለ፣ ልጅም አለ፤ ሁለቱን ማጋጠም አቃተኝና ተውኩ።

ከድር መጨረሻ ላይ፦ "በልግ ገብቷል፣ ውሃው ደፍርሷል፣
ነጣ ያለች ላኪልኝ፤ ጥቁሯ አትታይም" ብሏል።
ባባ ጃሲም አገጫቸውን ዳበሱ፣ ከጢማቸው አንዲት ነቀሉ፣
መብራቱ ሥር ይዘው
"ይህቺ ትበቃለች?" አሉ።
መቆንጠጫውን አጠበቅሁ።
"ሁለት ይጨምሩ።"